ባቄላው ውስጥ ይውደቅ

አጎቴ የላከልንን የድኩላ ወርች እናቴ ለውሻ በወረወረችው ቀን፣ ከውሻው ጋር ታግዬ ላስጥለው ሞክሬ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ በክረምቱ መግቢያ በተስቦ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ወርቹ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሲመጣ እናቴ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ያመጣውን ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሸኘችው፤ ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ አሽቀነጠረችው።

"አዮ!" አልኳት እናቴን፤ "አጎቴ እኮ ነው የላከልን!"

"እሱ ስለላከው ነዋ፤" አለችኝና እጇን በአመድ ፈትጋ ታጠበች።

የዚያን ጊዜ ከአጎቴ ከጉታ የበለጠ ደግ ሰው አላውቅም ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጎጆ ከተማ ገበያ በወጣ ቁጥር በኪሱ ብስኩት ይዞልኝ ይመጣል። አባቴ ከተቀበረ በኋላ አጥራችንን አጠበቀልን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማሳችንን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ እግሩን ሰፋ ሰፋ እያደረገ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። የሚጸልይልን ይመስለኝ ነበር። በእርምጃው መሬቱን እየለካ እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ድኩላውን መጀመሪያ የመታችው እናቴ ነበረች። መሬታችን ከጎጆ ከተማ በላይ ነው፤ ከላዩ ጫካ፣ ከታቹ ጅረት፣ ከጅረቱ ማዶ የአጎቴ ገብስ። ባቄላው ማፍራት ሲጀምር ድኩላዎች ጎህ ሲቀድ ከጫካው እየወጡ እሸቱን ይጨርሱታል። አባቴ በሕይወት እያለ አንዱን ሲጥል ሌሎቹ ለረጅም ጊዜ ዝር አይሉም ነበር። እሱ ሲሞት የቀረን ጠመንጃ የጣልያን አጭር ነው፤ ጥይቱ እንደ እርሳስ ቀጭን፣ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ። እናቴን ተኩስ ያስተማራት አባቴ ነው። በተጋቡ ሰሞን ለጨዋታ የጀመሩት ነገር ነበር ይባላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ስትተኩስ አጥሩ ሥር ቆሜ አይቻታለሁ። ድኩላው ወገቡን ሰበቅ አድርጎ ዘለለ። ተመትቷል፤ ግን አልወደቀም። ባቄላውን እየሰነጠቀ ወረደ፣ ጅረቱን ተሻገረ፣ ገብሱ መሃል ሲደርስ ከማዶ አንድ ከባድ ድምፅ መጣ። በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ የሰማሁት ድምፅ ነበር። የአጎቴ ቤልጅግ ጠመንጃ ነው። እንስሳው ባለበት ተቀመጠ።

"ገደልነው!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ ዞር ብላም አላየችኝ።

በእኛ አካባቢ አዳኞች ዘንድ አውሬው የሚጠራው በጣለው ሰው ስም ነው፤ ቆዳውም ቀንዱም የእሱ ነው። ወርች የሚላከው ለሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ ደም አውጥቶ መጣል ላቃተው፣ ወይም ጥይት ላዋሰ። ስለዚህ አጎቴ የላከው ሥጋ አልነበረም። "አቃተሽ" ነው ያላት፣ ሰው እያየ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ። እኔ ግን የማውቀው ራቴን ውሻ እንደበላብኝ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አጎቴም ከኋላቸው ነበር። እኔ ወደ ጓዳ ተላክሁ፤ ጭቃው በተሰነጠቀበት በኩል ዓይኔን ለጥፌ አያለሁ። ኦቦ ዓብዲሳ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ አዲስ ሸራ ጫማውን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አዴ አስካለች፣ ጉታ ክፉ አላሰበም። የሞተው ወንድሙ ነው። የወንድም ቤት ባዶ ሲሆን ወንድም ይገባል። ዳላ የአባቶች ነው።"

"ኦቦ ዓብዲሳ፣ ቅድም አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት ብለው ሲያስተምሩን አልነበረም እንዴ?"

ጉሮሮው እንደገና ተጠረገ። "ያ... ያ ስለ ጋብቻ ነው። ይሄ ቤት መጠበቅ ነው።"

"ጠባቂው የሚተኛው የት ነው? አልጋዬ ላይ?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ዳላ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ቤት መጠበቅ የሚለውን ግን ሰምቻለሁ፤ አጎቴ ከነጠመንጃውና ከነብስኩቱ እኛ ቤት ሊያድር ነው ብዬ በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ዳላ የሟች ሚስት ከነመሬቷና ከነልጆቿ ለሟቹ ወንድም የምትተላለፍበት ደንብ ነው። አጎቴ ሚስት ነበረችው፤ አዴ ባየሽ። የሚፈልገው ጅረቱን ተሻግሮ እስከ ጫካው የሚደርሰውን ማሳ ነው። እናቴ ከማሳው ጋር የምትመጣ ነገር ነበረች።

"ሴት ብቻዋን ምን ታደርጋለች?" አለ አጎቴ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ እንጂ ወደ እሷ ሳያይ። "እሷ ታቆስላለች፣ እኔ እጨርሳለሁ። እስከ መቼ? እስቲ አንድ ድኩላ ባቄላዋ ውስጥ ትጣል! አንድ! ወንዝ ሳይሻገር! ያኔ እኔ ጉታ አፌን እይዛለሁ፤ ዳላም አልል፣ መሬትም አልል።"

ሳቁ። እናቴ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"ሰማችሁት አይደል? ኦቦ ዓብዲሳ፣ ምስክሬ ነዎት። አንድ ድኩላ፣ ባቄላዬ ውስጥ፣ ወንዝ ሳይሻገር።"

"ኧረ ጉታ ለጨዋታ ነው—"

"እኔ እየተጫወትኩ አይደለም። ባቄላው እስኪታጨድ ጊዜ ስጡኝ።"

"ካልጣልሽስ?" አለ አጎቴ። አሁን ሳቁ ቆሟል።

"ካልጣልኩ በሬን አልዘጋብህም።"

በሩ ለምን እንደሚዘጋ አልገባኝም። ለአጎቴ በራችንን ዘግተን አናውቅም።

በሳምንቱ እናቴ የጣልያኑን ጠመንጃ በጆንያ ጠቀለለች፣ የአባቴን የበቅሎ ኮርቻ ተሸከመች፣ እኔን አስከተለችና በጭነት መኪና ወደ አምቦ ወረድን፤ ከአምቦ ወደ ጉደር። ኦቦ ሆርዶፋ የሚባል ሽማግሌ ጉደር ድልድይ አጠገብ ይኖራል። በፊት ለፊት በር የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል፣ በጓሮ ጠመንጃ። ዘመኑ ሰማንያ አምስት ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ክላሽ በየቤቱ እንደ ዱላ ቆሟል። ጓሮው ዘይትና ዝገት ይሸታል፣ ከታች ወንዙ ይጮኻል። ጋዲሳ የሚሉት አንድ የተበተነ ወታደር ቀበቶ የሌለው ሱሪ ለብሶ ሸንኮራ ይመጥጣል።

"ክላሽ ውሰጂ አዴ፤" አለ ኦቦ ሆርዶፋ። "ዘይቱ ገና አልደረቀም። ሠላሳ ይተፋልሻል። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ከእሱ የሚወጣውን ያሳዩኝ።"

ጆንያ ላይ ሦስት ጥይት አስቀመጠላት። አንዱ የእኛ የጣልያኑ ነው፤ ሁለተኛው አጭርና አንገቱ ጠበብ ያለ የክላሽ፤ ሦስተኛው ከአውራ ጣቴ የሚወፍር፣ ረጅም የቤልጅግ ጥይት። እናቴ ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ በመዳፏ መዘነቻቸው፤ ገበያ ላይ ቅቤ ስትገዛ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና።

"ይሄ ምን ያደርጋል?"

"ይገድላል።"

"ይሄስ?"

"እሱም ይገድላል።"

"ሁሉም ይገድላል ኦቦ ሆርዶፋ። የት ይገድላል ነው የምልዎት።"

ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ደህና አድርጎ አያት። "የጣልያኑ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አውሬው መሞቱን የሚያውቀው ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ነው፤ ባሩዱም አርጅቷል። የክላሹ ደጋግመሽ ካገኘሽው ይጥላል፤ ግን እየሮጠ ነው የሚወድቀው።" ረጅሙን አንስቶ አገላበጠው። "ይሄ ካገኘው አያስኬድም። ግን የአንቺንም ትከሻ አይምርም።"

"ትከሻው የኔ ነው።"

ጋዲሳ ሸንኮራውን ተፋ። "ሴት ቤልጅግ ስትተኩስ ከኋላዋ ደግፎ የሚይዛት ወንድ ያስፈልጋታል። እኔ ልምጣ?"

"አንተ መጀመሪያ ሱሪህን ያዝ፤" አለችው እናቴ ዞር እንኳ ሳትል።

ኦቦ ሆርዶፋ እስኪያስለው ሳቀ። ቢሆንም አልተዋትም። "ማሎ አዴ፣ እባክሽ፣ ሰው ሁሉ ወደ ክላሽ እየዞረ ነው። ይሄ እኮ ያረጀ ብረት ነው።"

"ለዚህ ነው የምፈልገው። ክላሽ ይዤ ብገባ ነገ አንዱ ታጣቂ መጥቶ 'የማን ነው' ብሎ ይወስድብኛል። ቤልጅግ የሽማግሌ ምርኩዝ ነው፤ ማንም አይመኘውም።"

ከጣልያኑ ጋር ኮርቻውን ጨምራ ለወጠችው። ኮርቻው አባቴን ይሸት ነበር፤ ላቡን፣ የበቅሎዋን ፀጉር፣ ክረምት የመታውን ቆዳ። አባቴን ሸጠችው ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ኮርቻውን ጆንያው ላይ ስታስቀምጥ እጇን ቶሎ አላነሳችም። ዛሬ የሟቹ ባለቤቴ የሮባ ጃኬት ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ አለና ያ እጅ ለምን እንደዘገየ አውቃለሁ። ስለ ሮባ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

"ጥይቱስ?" አለች።

"ችግሩ እሱ ነው። ባለፈው በጋ ጉታ የሚባል የእናንተ አገር ሰው ያለኝን ጠራርጎ ወሰደው። አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱም እርጥበት አይቷል። ይተኮስም ይክሸፍም እንጃ።"

"ጉታ እኮ አጎቴ ነው!" አልኩ ዕንባዬን እየጠረግሁ። "ሄደን እንጠይቀዋለን!"

እናቴ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች። ኦቦ ሆርዶፋ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ አየና ያለችውን አንዷን ጥይት በጨርቅ ጠቅልሎ ዝም ብሎ ሰጣት።

ከዚያ በኋላ እናቴ አዲስ ጨዋታ አመጣችልኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ማንም በማያይበት ቦታ ጆንያ አንጥፋ በደረቷ ትተኛለች። እኔ ባዶው ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ሳንቲም አስቀምጣለሁ። ቃታውን ስትስብ ቀጭ ይላል። ሳንቲሙ ከወደቀ አንድ እፍኝ ቆሎ የኔ ነው፤ ካልወደቀ ምንም የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆሎ ጠገብኩ። እየቆየ ሳንቲሙ አፈሙዙ ላይ እንደተሰፋ ሆነ፤ "ታታልያለሽ!" ብዬ ተጣላኋት። አባቴን እንድረሳ የፈጠረችልኝ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ተኩሶ ለመለማመድ ጥይት የሌለው ሰው የሚለማመደው እንደዚያ ነው።

የአዴ ባየሽ ጠብ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ውኃ ልንቀዳ ጅረቱ ዳር ስንደርስ የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጠበቀችን። የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ እዚያ ነበሩ።

"ባሌን ልትቀሚኝ ነው አይደል? አንቺ የሞት እጅ!"

"ያንቺን ባል ማን ይፈልገዋል? ከነብስኩቱ ውሰጂው!"

"በእኔ ቤት ላይ ነው የምታሾፊው?"

"ቤትሽ እንኳ ደህና ነው፤ የሚያሾፈው በውስጡ ያለው ነው!"

አዴ ባየሽ አንድ ቅል ሙሉ ውኃ እናቴ ላይ ደፋች። ሴቶቹ ጮኹ፤ እኔም ጮህኩ። ነገሩ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰና፣ ባል የሞተባትን ሴት በማዋረዷ አዴ ባየሽ ራሷ ተሸክማ ለእናቴ ካሳ እንድታደርስ ፈረዱባት። በማግስቱ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በዓይኗ መሬት መሬት እያየች አንድ ቅርጫት ድንች ይዛ መጣች። እናቴ ፊቷን ሳትፈታ ተቀበለቻት። ቅርጫቱን ግን እኔ እንዳልነካው ወደ ጓዳ አስገባችው፤ ድንቹን ሳፋ ውስጥ ስትገለብጥ ከሥሩ ቃ፣ ቃ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ምንድን ነው አዮ?"

"ድንጋይ ነው። አርፈሽ ተቀመጪ።"

አዴ ባየሽን የጠላኋት ያን ቀን ነው። ካሳዋ ከባድ እንዲመስል ድንች መሃል ድንጋይ የምትጨምር ሴት!

ባቄላው እየጠቆረ መጣ። እናቴ በየጎሁ ትወጣለች፤ ድኩላ ግን አይመጣም፣ ወይም ጭጋጉ አይገልጠውም። ከጅረቱ ማዶ አጎቴም በየቀኑ ከነቤልጅጉ ይቆማል። ከብርዱ ጋር ስለ እኛ የሚሰቃይ ስለመሰለኝ እጄን አውለበልብለታለሁ፤ እሱም ያውለበልብልኛል። የሚጠብቀው እናቴ የምታቆስለውን ነበር።

አንድ እሁድ፣ ከማጨዱ በፊት በቀረው የመጨረሻ እሁድ፣ ሳንቲሜን በእጄ ጨብጬ ተከተልኳት። ጭጋጉ ከጫካው ሥር እየተነሳ ነበር። እናቴ ከድንጋዩ ክምር ጀርባ ተኛች፤ እኔ ከእግሯ አጠገብ። ቅጠሉ ሁሉ ይንጠባጠባል። ከዚያ ባቄላው መሃል አንድ ጥቁር ነገር ተነቃነቀ፤ ወንድ ድኩላ ነው፣ ጀርባው የጠቆረ፣ ቀንዱ እንደተጠመዘዘ ቀጥ ያለ። ባቄላውን ሲቆረጥም እንኳ ይሰማኝ ነበር።

እናቴ ቃታውን ሳበች። ቀጭ።

የኦቦ ሆርዶፋ ጥይት ከሸፈ። ድኩላው ቀና ብሎ እንደ ውሻ ጮኸ። አንድ ነገር ያልሆነለትን ሰው እንዳላይ ዓይኔን መጨፈን ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። እናቴ አልቸኮለችም። የከሸፈውን አወጣችው፣ ሣሩ ውስጥ ወደቀ፤ ከመቀነቷ ሌላ ጥይት አወጣች፣ አቀባበለች። ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ፣ እርጥበት ነክቶት የማያውቅ ጥይት ነበር። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅሁም። ድኩላው ወደ ጅረቱ ዞሯል። ማዶ አጎቴ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አነሳ።

ያ ሆዴን የሚመታ ድምፅ አሁን ከእኛ በኩል ወጣ። ድኩላው አልዘለለም፣ አልሮጠም። የፊት እግሮቹ ታጠፉ፤ ባቄላው ውስጥ ተቀመጠ።

እናቴ ግንባሯን ሣሩ ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላባብላት ስጠጋ ፊቷን ዞር አደረገችብኝ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ተነሳችና ድንጋዩ ክምር ላይ ወጣች።

"ጉታ!" ድምጿ ጫካውን አልፎ ተመለሰ። "ባቄላዬ ውስጥ ነው! ወንዝ አልተሻገረም! ና፣ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና!"

አጎቴ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ደክሞት መስሎኝ አዘንኩለት።

እናቴ ድኩላውን ስትገፍፍ ረፋድ ሆነ። ቀኝ ትከሻዋ ስላበጠ በግራ እጇ ነበር የምትሠራው። ወርቹን ቆርጣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ለአዴ ባየሽ ስጪ። በእጇ። ሌላ ሰው እጁን ቢዘረጋ እንዳትሰጪ። ሽማግሌዎቹ ባቄላውን አይተው ጉታ ደጅ ተቀምጠዋል፤ ሳይበተኑ ድረሺ።"

እየሮጥኩ ጅረቱን ተሻገርኩ። አጎቴ ደጅ ሽማግሌዎቹ በጥላው ተቀምጠዋል፤ የሚያወሩት የጠዋቱን ነገር ነበር፤ እኔን ሲያዩ አቆሙ። አጎቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ኡርጂ ኮ፣ የኔ ኡርጂ! ለኔ ነው? እኔ እንኳ ዛሬ ደም አላወጣሁም።" እጁን ዘረጋ።

"ለአዴ ባየሽ ነው፤" አልኩ ጮክ ብዬ። "በእጇ ስጪ ተብያለሁ።"

 ወርቹ ላይ የሚዞረው ዝንብ ይሰማል። ሰላምታ መርሳቴ መሰለኝና "አካም ጅርቱ!" አልኳቸው። 

"ወርች..." አለ ኦቦ ዓብዲሳ ቀስ ብሎ። "ወይ ደም ላወጣ ነው፣ ወይ..." አልጨረሰውም። ሁሉም ወደ ቤቱ በር ዞሩ።

አዴ ባየሽ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። ወርቹን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አጎቴ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆመ። ባል እንደዚያ ሲያይ አይቼ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

"ምን ታያለህ? ጨው አምጣልኝ።"

አጎቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ኦቦ ዓብዲሳ ሸራ ጫማውን ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

"ጉታ፣ ቃልህን በእኛ ፊት ሰጥተሃል። ሴትዮዋ ጨው ነው የጠየቀችህ።"

አጎቴ ገብቶ ጨው አመጣ። እኔ እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ እናቴ ለድንጋዩ ይቅር ስላለቻት ደስ ብሎኝ።

እናቴ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሞተች፤ በራሷ አልጋ፣ በራሷ መሬት። ዳላ የሚል ቃል ዳግም ደጃችን አልመጣም። አጎቴም ብስኩት ማምጣቱን ተወ።

አምና አምቦ፣ በሮባ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከጎጆ በሚኒባስ የመጣች አንዲት አሮጊት ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። አዴ ባየሽ ነበረች። የንፍሮ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ሌሎቹ እንዳላለቅስ ሳታባብለኝ፣ ቆይታ ቆይታ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

"ድንጋይ ጨማሪ ስትዪኝ ነው አይደል የኖርሽው?"

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ጥይቶቹን ከአጎቴ ሣጥን ያወጣችው እሷ ናት። ጠቡን ከእናቴ ጋር ከጫካው ዳር እንጨት ሲለቅሙ ተለማምደውታል፤ "ከነብስኩቱ ውሰጂው" የሚለው ግን በልምምዱ አልነበረም፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ነው ውኃውን የደፋችው። ጣውንት ከምትመጣባት ጥይት ቢጎድል ይሻላታል።

"ወርቹን ግን ለምን ሽማግሌ ፊት ላከችው?" አልኳት። "ምስጢራችሁን አወጣችው እኮ።"

"ሣጥኑን ከፍቶ ማወቁ መች ይቀራል? ብቻዬን አግኝቶ ቢያውቅ በሩን ዘግቶ ይገድለኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት ሲያውቅ ግን አፉን ይዟል። እኔ ነኝ እነሱ ፊት ላኪው ያልኳት።" አንድ ፍሬ ባቄላ ከሳህኑ አንስታ አየችው። "አሁን ያ ማነው፣ የባልሽ ወንድም፣ ምን ይላል? ትናንት ጓዳ ሲያንሾካሹክልሽ አይቼዋለሁ።"

በእኔ ዘመን በአምቦ ማንም ዳላ አይልም። የሮባ ወንድም ወሰኑ ያለኝ፣ ቤቱ ለአንድ ሴትና ለአንድ ሕፃን ሰፊ እንደሆነ ነው፤ እሱ ቢገባበት፣ የቤቱ ስምም ወደ እሱ ቢዞር፣ ሰውም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አይዞሽ። ድምፁ ደግ ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ የማስተምር ሴት፣ መልስ አጥቼ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር።

"ምን አልሽው?"

"ለቅሶው ይለፍና ለብቻችን እንነጋገር አልኩት።"

"ለብቻችሁ።" አዴ ባየሽ ራሷን ነቀነቀች። "ወንዝ ይሻገርብሻል ልጄ።"

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ፣ የሮባ አጎቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጉደር የመጡ ዘመዶች። ወሰኑ መሃል ቆሞ ለእንግዶች ወንበር ያስተካክላል። ተነሳሁ። 

"ወሰኑ፣ ትናንት ጓዳ ለጠየቅኸኝ እዚህ ልመልስልህ። ይህ ቤት የእኔና የልጄ ነው። ለማንም አይዞርም፤ እኔም ለማንም አልዞርም። ዛሬም፣ ለቅሶው ካለፈ በኋላም። እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ።"

ለቅሶ ላይ የማይባል ነገር ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አመጡ። የእድሩ ሰብሳቢ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። ወሰኑ የያዘውን ወንበር እንደያዘ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ከጎኔ ወደ ተቀመጠችው፣ ወደማያውቃት አሮጊት ተመለከተ።

አዴ ባየሽ ከሳህኗ ቀና አላለችም።

"ምን ታያለህ?" አለችው። "ንፍሮው አልጫ ነው፤ ጨው አምጣልኝ።"

ወንበሩን አስቀምጦ ሄደ። አመጣላትም።